የአፈር ግድባችሁን መዝናኛ ከማድረጋችሁ በፊት

ጥያቄው በአጭሩ ይኸው፦ «ከሳዑዲ ተመልሼ ከወንድሜ ጋር ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ የእርሻ መሬት ተከራይተናል። መሬቱ ላይ የቀድሞው ባለይዞታ ለመስኖ ያሠራው የአፈር ግድብ አለ። ቁመቱ 6 ሜትር፣ ርዝመቱ 120 ሜትር ገደማ ነው። ሲሞላ ውሃው ወደ ኋላ 250 ሜትር ያህል ይተኛል። 15 ዓመት ቆሟል፤ አንድም ቀን ችግር አላሳየም። አሁን መዝናኛ ልናደርገው ነው። ጀልባ፣ ዋና፣ ዓሣ ማጥመድ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ግድቡ አናት ላይ ድንኳን ጥለን ምግብና ቡና። ውሃው ሰፋ እንዲል ማስተንፈሻውን (ትርፍ ውሃ የሚወጣበትን) በድንጋይና በሲሚንቶ ግማሽ ሜትር ከፍ ልናደርገው፣ ዓሣው እንዳያመልጥ የሽቦ መረብ ልንወጥርበት፣ ለጥላ ደግሞ ግድቡ ላይ ባህር ዛፍና ግራቪሊያ ልንተክል አስበናል። ከግድቡ ግርጌ በግንቦትም የማይደርቅ እርጥብ ቦታ አለ፤ ጎረቤቶች ምንጭ ነው ይላሉ። የማውጫው ቱቦ ቫልቭ ዝጎ አይዞርም። ከግድቡ በታች 400 ሜትር ላይ ወፍጮ ቤትና ጥቂት መኖሪያዎች አሉ። የሚያሰጋ ነገር አለ? ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ቢልሃርዚያ ሊኖር ይችላል?»

አዎ፣ ያሰጋል። በዚህ ክረምት እዚያ ቦታ እንግዳ መቀበል የለባችሁም። ግድቡ በራሱ መጥፎ ላይሆን ይችላል። እኔን ያስደነገጠኝ ልትጨምሩበት ያሰባችሁት ነው። ማስተንፈሻውን ከፍ ማድረግ፣ መረብ መወጠር፣ ዛፍ መትከል፣ አናቱ ላይ ሰው ማሰባሰብ፣ ውሃውን ዓመት ሙሉ ሞልቶ ማቆየት። ሁሉም ለመዝናኛው ተብለው የታሰቡ ናቸው። ሁሉም ደግሞ ግድቡን ያዳክማሉ።

«15 ዓመት ቆሟል» ከሚለው ልጀምር። ያን ያህል ዘመን የቆመው የመስኖ ግድብ ሆኖ ነው። የመስኖ ግድብ ክረምት ይሞላል፣ በጋውን ሙሉ ይጎድላል፣ ሚያዝያ ላይ ወለሉ ሊታይ ይደርሳል። ውሃው እስከ ላይ ሞልቶ ግድቡን የሚገፋው በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። እናንተ ለጀልባ ብላችሁ ዓመቱን ሙሉ ሞልታችሁ ስታቆዩት፣ እርጥበቱ ቀስ እያለ ወደ ግድቡ ሆድ ዘልቆ ይገባል። ደርቆ ይከርም የነበረው የታችኛው ጎን መራስ ይጀምራል። የራሰ አፈር ጉልበት የለውም። ስለዚህ ያለፈው 15 ዓመት ለመጪው አጠቃቀም ዋስትና አይሆንም። ግድቡ አዲስ ሥራ ሊጀምር ነው፤ እንደ አዲስ መፈተሽ አለበት።

«ትንሽ ናት እኮ» የሚባል ነገር ደግሞ አለ። በጻፋችሁልኝ ልክ ላስላው። ርዝመቱን፣ ወደ ኋላ የሚተኛበትን ርቀትና ጥልቀቱን አባዝተን ለ6 ብናካፍል ለእንዲህ ዓይነት ሸለቆ የሚያስኬድ ግምት እናገኛለን። 120 በ250፣ በ5 ሜትር ጥልቀት፣ ሲካፈል ለ6፤ 25,000 ሜትር ኩብ። 10 ሺህ ሊትር በሚይዝ የውሃ ቦቴ ቢቀዳ 2,500 ቦቴ ይሞላል። ግድቡ ከተቀደደ አብዛኛው በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣል። ሲበረታ በሰከንድ ብዙ አሥር ሜትር ኩብ ይወርዳል። በሰከንድ 3 ሜትር እየሄደ ወፍጮ ቤቱ ለመድረስ ከሁለት ደቂቃ ብዙም አይበልጥበትም። በዚያ ሰዓት እህል ይዞ ተራ የሚጠብቅ ሰው ለማምለጥ ጊዜ የለውም።

ጎረቤታችን ኬንያ የሆነውን ታስታውሱ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 9 ቀን 2018 ማታ፣ ናኩሩ አካባቢ በምትገኘው ሶላይ፣ በአንድ የግል እርሻ ላይ የነበረ የአፈር ግድብ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተደርምሶ ከ40 በላይ ሰው ሞቷል። ያ ግድብ የመንግሥት ትልቅ ፕሮጀክት አልነበረም። የእርሻ ግድብ ነበር፤ እንደ እናንተው።

ለእናንተ ጥያቄ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የቆየ ታሪክ ነው። አሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ፣ ከጆንስታውን ከተማ በላይ፣ ሳውዝ ፎርክ የሚባል ወደ 22 ሜትር የሚጠጋ ቁመት ያለው የአፈር ግድብ ነበር። መጀመሪያ የተሠራው ለመጓጓዣ ቦይ ውሃ ለማከማቸት ነው። ኋላ ባለጸጎች የዓሣ ማጥመድና የአደን ክበብ አቋቁመው ገዙት፤ መዝናኛ አደረጉት። ክበቡ ሳይገዛው በፊት ከግርጌው ውሃ የሚያወጡት ቱቦዎች ተነቅለው ነበር፤ ማንም መልሶ አላስገባቸውም። ሠረገላ ይለፍበት ተብሎ አናቱ ዝቅ ተደረገ። ዓሣ እንዳያመልጥ ማስተንፈሻው ላይ መከለያ ተደረገ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 1889 ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ጎርፉ ያመጣው ግንድና ቅጠል መከለያውን ደፈነው። ማውጫ ቱቦ ስለሌለ ውሃውን መቀነስ አልተቻለም። ውሃው በአናቱ ላይ ፈሰሰ፣ ግድቡ ሄደ። ከ2,200 በላይ ሰው አለቀ።

የእናንተን ዝርዝር ከዚህ ጋር አስተያዩት። የማይሠራ ቱቦ፣ በመረብ የተጋረደ ማስተንፈሻ፣ በውሃውና በአናቱ መካከል የጠበበ ክፍተት። ሦስቱም ተሟልተዋል። ልዩነቱ መጠን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ማስተንፈሻው፤ ከሁሉም ዋናው እሱ ነው። የአፈር ግድብ በአናቱ ላይ ውሃ እንዲፈስበት አልተሠራም። ኮንክሪት ቢሆን ይችለዋል። አፈር ግን ውሃው በታችኛው ጎን ሲወርድ ከሥር እየተቦረቦረ ይሄዳል፤ አንዴ ቦይ ከያዘ የሚያስቆመው የለም። ስለዚህ ትርፍ ውሃ ሁልጊዜ በማስተንፈሻው ብቻ መውጣት አለበት። በላካችሁልኝ ፎቶ ማስተንፈሻው 6 ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ከወለሉ እስከ ግድቡ አናት ደግሞ 1 ሜትር ከ20 ገደማ ይመስላል። ለማዕበልና ለመጠባበቂያ 40 ሴንቲ ሜትር ብንተው 80 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጎርፍ ማሳለፍ ይችላል። ይህ በሰከንድ 7 ሜትር ኩብ አካባቢ ነው። ግማሽ ሜትር ከፍ ስታደርጉት የሚቀረው 30 ሴንቲ ሜትር ነው። ያን ጊዜ የሚያሳልፈው በሰከንድ 2 ሜትር ኩብ እንኳን አይሞላም። ግማሽ ሜትር ድንጋይ ስትደረድሩ አቅሙን ከሩብ በታች አወረዳችሁት ማለት ነው።

ምን ያህል ጎርፍ ይመጣል? ውሃ የሚሰበስበው ጋራ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው እንበል። በሐምሌ አንድ ኃይለኛ ዝናብ በአንድ ሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ቢጥልና ጋራው የተራቆተ ሆኖ ግማሹ ቢወርድ፣ በሰዓት 20,000 ሜትር ኩብ ይመጣል። በሰከንድ ከ5 ሜትር ኩብ በላይ መሆኑ ነው። አሁን ያለው ማስተንፈሻ ይህን በጭንቅ ይወጣዋል። ከፍ የተደረገው አይወጣውም። ጋራው ሰፋ ያለ ከሆነ ደግሞ ያለውም አይበቃም፤ እንዲያውም መስፋት ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የጋራውን ስፋት አስለኩ። የግድቡንም አናት ከጫፍ እስከ ጫፍ በሌቭል (በከፍታ መለኪያ መሣሪያ) አስለኩ። የአፈር ግድብ ከጊዜ ብዛት መሃሉ ይሰምጣል። ጫፉ ላይ ቆማችሁ የለካችሁት 1 ሜትር ከ20፣ መሃሉ ላይ 90 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ውሃው የሚሻገረው ደግሞ ዝቅ ባለው ቦታ ነው።

መረቡን ተዉት። አንድ ቆሻሻ ያዘለ ጎርፍ ይበቃዋል። የበቆሎ አገዳ፣ ቅጠል፣ የላስቲክ ከረጢት ተጠላልፎ በአንድ ሌሊት ግድግዳ ይሆናል። ዓሣው ይሂድ። የምታረቡት ቆሮሶ ከሆነ ቶሎ ይራባል፤ የሄደውን ይተካል። ካነሰም ጫጩት ዓሣ መጨመር ይቻላል።

እርጥቡን ቦታ በተመለከተ፣ ጎረቤቶቻችሁ ምንጭ ነው ማለታቸው ይገባኛል። ግን ምንጭ መሆኑን እስክታረጋግጡ ድረስ ከግድቡ የሚወጣ ስርገት፣ ማለትም በአፈሩ ውስጥ ሰርጎ የሚያልፍ ውሃ ነው ብላችሁ ያዙት። ውሃ የማያሳልፍ የአፈር ግድብ የለም፤ ትንሽ ስርገት በራሱ አደጋ አይደለም። ጥያቄው አፈር ይዞ ይወጣል ወይ ነው። አፈር ይዞ ከወጣ ግድቡ ውስጥ ለውስጥ እየተሸረሸረ ነው። ከላይ ሣሩ አምሮበት፣ ከሥር ዋሻ እየተበጀለት ይቆያል።

እንዲህ አድርጋችሁ ተመልከቱት። ማለዳ፣ ዝናብ ባልጣለበት ቀን፣ ቦት ጫማ አድርጋችሁ ቦታው ላይ ቁሙ። እግራችሁ እስከ ቁርጭምጭሚት ከሰመጠ፣ አፈሩም ሲረገጥ እንደ ሊጥ ከተንቀጠቀጠ መጥፎ ምልክት ነው። ውሃው የሚወጣበትን ነጥብ ፈልጉ። ትንሽ ቦይ ቆፍራችሁ በአንድ ቱቦ እንዲወርድ አድርጉ። ጥርት ያለ የብርጭቆ ማሰሮ ሙሉና ለአንድ ሰዓት ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ከሥሩ ደቃቅ አፈር ከተኛ፣ ከአፉ ዙሪያም አሸዋ እየፈላ ትንሽ ክምር ከሠራ፣ በዚያው ቀን ውሃውን መቀነስ ጀምሩ። ጥርት ካለ ደግሞ ባለ 10 ሊትር ባልዲ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ በየሳምንቱ መዝግቡ፤ ከጎኑ የግድቡን የውሃ ከፍታ ጻፉ። የውሃው ከፍታ ሳይጨምር ስርገቱ ከጨመረ መንገዱ እየሰፋ ነው። ውሃው ሲጎድል ስርገቱም አብሮ ከቀነሰ የመጣው ከግድቡ ነው። ግድቡ ጎድሎም እሱ እንደነበረ ከፈሰሰ፣ ያኔ ጎረቤቶቻችሁ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እከለክላለሁ። ያን ቦታ በሸክላ ወይም በሲሚንቶ ለመድፈን አትሞክሩ። የተደፈነ ውሃ ተመልሶ አይሄድም፤ ከኋላ ግፊት አጠራቅሞ በሌላ፣ ምናልባትም ከፍ ባለ ቦታ ይፈነዳል። መፍትሔው ውሃውን እያሳለፉ አፈሩን ማስቀረት ነው። በመጀመሪያ አሸዋ፣ ቀጥሎ ጠጠር፣ ከላይ ድንጋይ ተደርጎ ይሠራል። የአሸዋው መጠን ከግድቡ አፈር ጋር መመጠን ስላለበት ግን መሐንዲስ ይፈልጋል።

ስለ አፈሩ አልጻፋችሁም። በፎቶው ላይ ግን አናቱ ጥቁር ይመስላል፤ ዋልካ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለው። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በግንቦት ግድቡ አናት ላይ ሂዱና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ካለ እዩ። ርዝመቱን የሚከተል ስንጥቅ አለ፣ ከላይኛው ጎን ወደ ታችኛው የሚያቋርጥም አለ። የሚያስፈራው የሚያቋርጠው ነው። በሐምሌ ውሃው በፍጥነት ሲሞላ ስንጥቁ ሳይገጥም ይደርስበትና መንገድ ያገኛል። ጎርፉ ከመድረሱ በፊት መሙያ ያስፈልገዋል። አናቱ ላይ ዋልካ ያልሆነ ጠጠር ያለው አፈር መልበስም ስንጥቁን ይቀንሰዋል።

ባህር ዛፉን አትትከሉ፤ ግራቪሊያውንም እንዲሁ። «ሥሩ አፈር ይይዛል» የሚለው እርከን ላይ እውነት ነው። ግድብ ላይ ግን ሥሩ ውሃውን ተከትሎ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ዛፉ ሲሞት ወይም ሲቆረጥ ይበሰብስና ባዶ ቱቦ ትቶ ይሄዳል። ነፋስ የገነደሰው ትልቅ ዛፍም ሥሩን ይዞ ሲነሳ ከግድቡ ቆርሶ ነው። ግድብ ላይ የሚያምረው አጭር ሰርዶ ብቻ ነው። አፈሩን ይሸፍናል፣ ለዓይንም ግልጽ ነው። ስንጥቅ፣ ጉድጓድ፣ እርጥበት ሲመጣ ወዲያው ይታያል። ጥላ ከፈለጋችሁ ከግድቡ ግርጌ ቢያንስ 10 ሜትር ርቃችሁ ትከሉ። አሁን ግድቡ ላይ የበቀለ ለጋ ቁጥቋጦ ካለ ቁረጡት። ግንዱ የወፈረ ዛፍ ካለ ግን ከነሥሩ አትንቀሉ፤ ጉድጓዱ በባለሙያ መሞላት አለበት። ጃርትና ፍልፈል የቆፈሩትን፣ የምስጥ ኩይሳንም ከሣሩ ሥር ፈልጉ።

ዝጎ የቆመው ቫልቭ በጣም ያሳስበኛል። ውሃውን ዝቅ ማድረግ የማይችል ሰው ግድቡን አይቆጣጠርም ማለት ነው። የተበላሸ ነገር ቢያይ እንኳን ምንም ማድረግ አይችልም። በኃይል ለመጠምዘዝም አትሞክሩ፤ የዛገው ቱቦ ግድቡ ሆድ ውስጥ ቢሰበር ይብሳል። የቱቦውን መውጫ ዙሪያ ግን ተመልከቱ። ውሃ ከቱቦው ውስጥ ሳይሆን ከውጭ ዙሪያውን ታኮ የሚወጣ ከሆነ፣ ከእርጥቡ ቦታ ቀድሞ እሱ ይታይ።

እስከዚያው ውሃውን በሲፎን ወይም በሞተር ፓምፕ ቀንሱ። 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፕላስቲክ ቱቦ በግድቡ አናት ላይ አሳልፎ ውሃ ሞልቶ መልቀቅ ይበቃል። መውጫውን ከግርጌው አርቃችሁ ድንጋይ ላይ አስፈስሱት፤ አለዚያ ሊያድነው የመጣው ውሃ ግርጌውን ይበላዋል። ውሃው በቀን ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዳይወርድ። ድንገት ሲጎድል በውሃ የራሰው የላይኛው ጎን ድጋፉን ያጣና ይንሸራተታል። ከሙሉው 1 ሜትር ተኩል ለመቀነስ በአንድ እንዲህ ያለ ቱቦ ከ10 ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። አናቱን በአካፋ ቀዳችሁ ለማስወጣት ግን በጭራሽ አታስቡ። ያ ግድቡን በገዛ እጅ ማፍረስ ነው።

ግድቡ አናት ላይ ድንኳን መጣልም ይቅር። የድንኳን ካስማ ራሱ ጉዳት ነው። ቀን ቀን ብዙ እግር ሣሩን ይጨርሳል፤ መኪና ሲወጣ ጎማው የሠራው ቦይ ዝናብ ይሰበስባል፤ ከዚያ አናቱ ዝቅ ይላል። ቁጭ ብሎ ቡና ለመጠጣት የተሻለው ቦታ ከውሃው ጎን ያለው ጠንካራ የተፈጥሮ መሬት ነው፤ ከማስተንፈሻውም ራቅ ይበል። ከግድቡ በታች ያለው ሜዳ ለጥ ያለና ለምለም ስለሆነ ለመኪና ማቆሚያና ለካምፕ ይማርካል። እዚያ ሰው አታስተኙ።

አሁን ወደ ውሃው ውስጥ እንግባ። ጥርት ያለ ውሃ ከቢልሃርዚያ ነጻ ነው የሚለው ስህተት ነው። ተውሳኩን የምትሸከመው ቀንድ አውጣ የምትወደው ረጋ ያለ፣ ጥልቀት የሌለው፣ ዳር ዳሩ ሣር ያለበት ውሃ ነው። ግድብ ዳር እንዲያ ነው። ከቀንድ አውጣዋ የሚወጣው ተውሳክ በዓይን አይታይም፤ በተለይ ፀሐይ በሚሞቅበት ሰዓት ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል። መዋጥ አያስፈልግም፤ እግር መንከር ይበቃል። ኮምቦልቻ ያለችበት ከፍታ በሽታው በአገራችን ከሚገኝበት ክልል ውስጥ ነው። ወደ ግድቡ የሚፈሰው ሸለቆ ላይ ሰው ሜዳ ላይ የሚጸዳዳ ከሆነ ዑደቱ ሙሉ ነው። ከዋና በኋላ ቶሎ በፎጣ ማድረቅም አስተማማኝ መከላከያ አይደለም።

እንዶድ ልንጨምርበት ይሆን ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አይተው ነው ያን ትልቅ ግኝት ያገኙት። ነገር ግን እንዶድ ዓሣም ይገድላል። ዓሣ ባለበት ግድብ ውስጥ በግምት የሚበተን ነገር አይደለም። ውሃውን የሚጠጡ ከብቶችና ሰዎችም አሉ። ቀንድ አውጣ መኖሩን የጤና ባለሙያ ይይላችሁ፤ ሠራተኞቻችሁ ሰገራ ይመርመሩ። በሽታው ፕራዚኳንቴል በሚባል መድኃኒት ይታከማል። ከታከሙ በኋላ ግን ያው ውሃ መልሶ ያስይዛል።

ወባንም አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ1999 ውጤቱ የወጣ ትግራይ ውስጥ የተደረገ ጥናት፣ በትናንሽ ግድቦች አቅራቢያ የሚኖሩ ሕፃናት ራቅ ብለው ከሚኖሩት 7 እጥፍ ገደማ በወባ እንደሚያዙ አሳይቷል። እንግዶች ከመሸ እንዳይቆዩ ወይም የሚያድሩበት ቤት አጎበር እንዲኖረው አድርጉ። ዳር ዳሩን ያለ ሣር አጽዱ፤ ለቀንድ አውጣውም ለትንኙም መኖሪያ መቀነስ ነው።

ከበሽታው በፊት ግን ሰው የሚገድለው መስጠም ነው። የግድብ ውሃ እንደ ገንዳ አይደለም። ግድቡ አጠገብ ዳገታማው ጎን ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ሦስት አራት እርምጃ እንደገቡ መቆሚያ የለም። ጎኑ የራሰ ሸክላ ነው፣ ያዳልጣል፤ ዋና የሚችል ሰው እንኳን ወደ ላይ ለመውጣት ሲቧጥጥ ጉልበቱ ያልቃል። ወደ ኋላ፣ ጎርፉ በሚገባበት በኩል ደግሞ ደለል አለ። ከላይ ጥልቀት የሌለው ይመስላል፤ እግር ሲገባ እስከ ጉልበት ይይዛል። ውሃው ጥርት ያለ ነው ብላችኋል፤ ክንዳችሁን እስከ ክርናችሁ አስገቡና ጣታችሁን ተመልከቱ። ካልታያችሁ የሰመጠ ልጅም አይታያችሁም። ክፍት የማውጫ ቱቦ አፍ አጠገብ ደግሞ ማንም መቅረብ የለበትም፤ የሚስበው ኃይል እጅ ወይም እግር ከያዘ ሰው ጎትቶ ማላቀቅ አይችልም።

ስለዚህ ዋና በዚህ ግድብ ውስጥ አይኑር። ይህን የምለው ለጊዜው አይደለም። ግድቡ ተጠግኖ ቢያልቅም ቢልሃርዚያውና ደለሉ አይጠገኑም። ዋና የምትፈልጉ ከሆነ ከግድቡ ተለይቶ ወለሉ የሚታይ፣ ውሃው በክሎሪን የሚታከም የኮንክሪት ገንዳ ሥሩ። ጀልባና ዓሣ ማጥመድ ግን ይቻላል። ጀልባው በመቅዘፊያ ወይም በፔዳል የሚሄድ ይሁን፤ የሞተር ማዕበል የግድቡን የላይኛ ጎን ይልጠዋል። ዋና ቻለም አልቻለም፣ ማንም ሰው የመንሳፈፊያ ጃኬት ሳይታጠቅ አይሳፈር። በልኩ የሕፃናት ጃኬት ይኑራችሁ፤ የአዋቂው ሕፃን ላይ ሾልኮ ይወጣል። መጠጥ የቀመሰ አይሳፈር። ነጎድጓድ ሲሰማ ሁሉም ከውሃ ይውጣ። ከግድቡ 20 ሜትር ርቆ በተንሳፋፊ የታሰረ ገመድ ይዘርጋ፤ ጀልባ ከዚያ አያልፍም። ዳር ላይ ረጅም ገመድ የታሰረበት መንሳፈፊያ ሁልጊዜ ይሰቀል።

ሕጉንም ልንካው። በአዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱ ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው። ግድቡ ለመስኖ የተፈቀደ ከሆነ ለመዝናኛ ሲለወጥ የወረዳውን ወይም የዞኑን የውሃ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2069 ደግሞ የመሬትን አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው፣ አደጋው ሲደርስ ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። ጥፋት አልሠራሁም ማለት እዚያ ላይ አያድንም። ተከራይ ስለሆናችሁ የግድቡ ጥገና በማን እጅ እንደሆነ ውላችሁን ከጠበቃ ጋር ሆናችሁ አንብቡ። የሳዑዲ ላባችሁን አፍስሳችሁ ነው እዚህ የደረሳችሁት፤ ከመገንባታችሁ በፊት ይህን አንድ ወረቀት አጥሩ።

ምክሬ ይህ ነው። አሁኑኑ ውሃውን 1 ሜትር ተኩል ቀንሱ። ማስተንፈሻውን ከሣርና ከድንጋይ አጽዱ፤ አንድ ሲሚንቶ አትጨምሩበት። ከሰኔ በፊት የግድብ ሥራ የሚያውቅ መሐንዲስ በአካል መጥቶ ይየው። በፎቶ የሚመረመር ግድብ የለም፤ እኔም ከዚህ ሆኜ ይቆማል ወይም አይቆምም ልላችሁ አልችልም። ጉድጓድ አስቆፍሮ አፈሩን ይይ፣ የጋራውን ጎርፍ ያስላ፣ ስለ ቱቦው ይወስን። መጪውን ክረምት ያለ እንግዳ አሳልፉ። በውሃው ውስጥ ቁጥር የተቀባ ብረት ተክላችሁ ከፍታውን በየቀኑ ጻፉ፤ የስርገቱንም መጠን እንዲሁ። ምዝገባው ጥሩ ከሆነና ጥገናው ካለቀ ከጥቅምት በኋላ ለጀልባና ለዓሣ ክፈቱ። መሐንዲሱ ማስተንፈሻው አይበቃም ወይም ቱቦው አይድንም ካለና ለጥገናው ገንዘብ ከሌለ ግን ግድቡ ዝቅ ብሎ ይቆረጥ፤ በባለሙያ፣ በበጋ። ያነሰ ውሃ ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ሌሊት የሚጠብቅ ሰው መድቡ። ባትሪ፣ ሜጋፎንና የወፍጮ ቤቱን ጨምሮ ከታች ያሉ ቤቶች ሁሉ ስልክ ቁጥር ይኑረው። ከግርጌው የደፈረሰ ውሃ ሲወጣ፣ ጎኑ ሲሰነጠቅ ወይም ውሃው ከአናቱ ግማሽ ሜትር ሲቀረው ካየ፣ ለእናንተ ከመደወሉ በፊት ለታች ሰዎች ይደውል። ነገ ሄዳችሁ ስልካቸውን ተቀበሉ፤ የት መውጣት እንዳለባቸውም አብራችሁ ሄዳችሁ አሳዩአቸው።